ማሰሪያ አንቀጹን እዩ

በአማርኛ የተጻፈ የዲግሪ ማሟያ ጥናት እጄ ሲገባ፣ መጀመሪያ የምገልጠው የጥናቱን ዘዴ የያዘውን ምዕራፍ ነው። የአጥኚው ጥንቃቄም ሆነ ቸልተኝነት እዚያ ካሉት ማሰሪያ አንቀጾች፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን ከሚዘጉት ግሶች፣ ቶሎ ይታወቃል።

«መረጃው በቃለ መጠይቅና በምልከታ ይሰበሰባል» የሚል ካገኘሁ፣ ከፕሮፖዛሉ ሳይታረም እንደተገለበጠ እጠረጥራለሁ። በዕቅዱ ጊዜ ትክክል ነበር፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ግን «ተሰብስቧል» መባል አለበት። ጉዳዩ የአጻጻፍ ውበት ብቻ አይደለም። በአማርኛ ለአሁንም ለመጪውም የሚያገለግለው ይኸው አንድ የግስ ቅርጽ ስለሆነ፣ አንባቢው መረጃው በእርግጥ መሰብሰቡን እስከ መጠራጠር ይደርሳል። «ነበር»ም ያለ ቦታው ሲገባ ያሳስታል። «አሥር መምህራን ተመርጠው ነበር» ከተባለ፣ ኋላ ምን ሆኑ? ከጥናቱ ወጥተው ከሆነ ይነገረን፤ ካልወጡ «ተመርጠዋል» ይበቃል።

ጎበዝ አጥኚ ታዲያ ሁሉን ነገር በኀላፊ ጊዜ አይጽፍም። ሠንጠረዡ አሁንም ከፊታችን ስላለ «ያሳያል» ይላል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው በትንተናው ውስጥ ግሱ የሚለወጥበትን ቦታ ነው። ለምሳሌ፦ «አብዛኞቹ መምህራን ድርሰት በየሳምንቱ እንደማያርሙ ተናግረዋል፤ ይህም ከተማሪው ቁጥር መብዛት ጋር ሊያያዝ ይችላል።» «ተናግረዋል» ቃሉን ለመረጃ ሰጪዎቹ ይተወዋል፤ «ሊያያዝ ይችላል» ደግሞ ግምቱ የአጥኚው መሆኑን ያሳውቃል። በደፈናው «አያርሙም» ቢል ኖሮ በዓይኑ ያላየውን መመስከሩ ነበር። እንዲህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳገኝ የቀረውን ምዕራፍ በእምነት አነባለሁ።

በክለሳ ድርሳናት ውስጥ የማየው ወጥነትን ነው። የባዬ ይማምን «የአማርኛ ሰዋስው» የሚጠቅስ ሰው በአንዱ ገጽ «ባዬ (1987) ይገልጻል»፣ በሌላው «ይገልጻሉ» ማለት የለበትም። አንቱታውን ከመረጠ ለሌሎቹም ምሁራን ያዳርሰው።

ብዙዎች የሚያልፉት ሌላ ስህተት ደግሞ አለ፦ «የዚህ ጥናት ዓላማ የተማሪዎችን የመጻፍ ችሎታ ለመመርመር ነው።» ጥናቱ የተካሄደው ለመመርመር ነው፤ ዓላማው ግን መመርመር ነው። በመካከሉ ረጅም ሐረግ ሲገባ «ለ» ትርፍ መሆኗ አይታይም። የጥናቱ ዋና ዓረፍተ ነገር ይህ ሆኖ ሳለ አማካሪም ፈታኝም ዝም ብለው ሊያልፉት አይገባም።