ቶር፦ ብቻችሁን የማትደበቁበት ሶፍትዌር

«አሁን ማንም አያየኝም» ብሎ ቶርን የሚከፍት ሰው፣ ሶፍትዌሩ ያልገባለትን ቃል ነው የሚያምነው። ቶር ጥሩ ሥራ ነው፤ በምህንድስና ዓይን ካየነው እንዲያውም በጣም ቆንጆ ሥራ ነው። ግን ምን እንደሚደብቅና ምን እንደማይደብቅ ሳያውቁ መጠቀም፣ ጭራሽ ካለመጠቀም የባሰ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። እስቲ መጀመሪያ ፈታ አድርገን እንየው፣ ከዚያ እንፈርዳለን።

በተለመደው መንገድ ድረ ገጽ ስትከፍቱ ሁለት ወገኖች ያዩአችኋል። የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ወዴት እንደሄዳችሁ ያያል፤ ድረ ገጹ ደግሞ በአይፒ አድራሻችሁ ከየት እንደመጣችሁ ያውቃል። ቪፒኤን ብትጠቀሙስ? መረጃው ወደ ቪፒኤን ድርጅቱ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። ሁለቱንም ጫፍ የሚያውቅ አንድ አካል አሁንም አለ ማለት ነው።

ቶር ይህን መረጃ ይበታትነዋል። በጎ ፈቃደኞች በዓለም ዙሪያ ከሚያንቀሳቅሷቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ሦስቱን ይመርጥና መልእክታችሁን በእነሱ ቅብብል ይልከዋል። መልእክቱ ከእናንተ ዘንድ ሳይወጣ በፊት እንደ ሽንኩርት በሦስት ንብርብር ይመሰጠራል፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር አንዱን ንብርብር ልጦ ለቀጣዩ ያሳልፋል። የመጀመሪያው እናንተን ያውቃል፣ መድረሻችሁን አያውቅም። የመጨረሻው መድረሻውን ያውቃል፣ እናንተን አያውቅም። የመሀለኛው ሁለታችሁንም አያውቅም።

የዚህ ሐሳብ መነሻ በ1990ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ነው። በኋላ ሮጀር ዲንግልዳይን፣ ኒክ ማቲውሰንና ፖል ሲቨርሰን ቶርን ሠርተው፣ ንድፉን እ.ኤ.አ. በ2004 በጥናታዊ ጽሑፍ አቀረቡ። ታዲያ ከወታደር ላቦራቶሪ የወጣ መደበቂያ ለሕዝብ በነፃ የተሰጠው ለምንድን ነው? ነገሩ ቀላል ነው። ተጠቃሚዎቹ የባሕር ኃይል ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ፣ ከዚያ ኔትወርክ የሚወጣው ሁሉ የባሕር ኃይል መሆኑን ማንም ያውቅ ነበር።

ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ አስቡ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ከሺህ እኩዮቹ መሀል ሲቆም ከሩቅ አትለዩትም። ያው ልጅ በትምህርት ሰዓት ብቻውን ገበያ መሀል ቢገኝስ? ዩኒፎርሙ ራሱ ያሳብቅበታል። ቶርም እንደዚያ ነው፤ ምስጠራው የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ አብሯችሁ የለበሰው ሰው ከሌለ ትታያላችሁ።

ይህ በተግባር የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 አንድ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፈተና ለማስቀረት የሐሰት የቦምብ ማስፈራሪያ በኢሜይል ላከ። ቶርንም፣ ስም የማይጠይቅ ጊዜያዊ ኢሜይልም ተጠቅሟል። መርማሪዎቹ ምስጠራውን አልሰበሩም፤ መስበርም አላስፈለጋቸውም። መልእክቱ በቶር በኩል መምጣቱን አዩ፣ ከዚያ በዚያን ሰዓት በዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ ቶርን ማን ይጠቀም እንደነበር አጣሩ። ልጁም ሲጠየቅ አመነ። ወንጀል ሠርቷልና መያዙ አያስቆጭም። ግን ያው መንገድ ምንም ያላጠፋን ሰው ለማግኘትም ይሠራል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2012 መጨረሻ የቶር ፕሮጀክት ሶፍትዌሩ ከኢትዮጵያ መታገዱን፣ ያገደውም የዳታውን ባሕርይ የሚመረምር ቴክኖሎጂ መሆኑን አስታውቋል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ይዘቱን ማንበብ አይጠበቅበትም። ሁለት ኮምፒውተሮች ግንኙነት ሲጀምሩ የሚለዋወጡትን «ሰላምታ» አይቶ «ይህ ቶር ነው» ካለ በቃ።

ለዚህ መልስ እንዲሆን ቶር «ድልድይ» የሚባሉ፣ አድራሻቸው በይፋ ዝርዝር ውስጥ የሌለ መግቢያዎች አሉት። አንዳንዶቹ ዳታውን ትርጉም የለሽ ዝብርቅርቅ ያስመስሉታል፤ ስኖውፍሌክ የተባለው ደግሞ የቪዲዮ ጥሪ ያስመስለዋል። ዋናው ወቀሳዬ እዚህ ጋ ነው። ብሮውዘሩ ግንኙነቱ ሲታገድ ድልድይ እንድታገኙ ያግዛችኋል። ግንኙነቱ ከሠራ ግን «ምናልባት በዚህ ኔትወርክ ላይ ቶር የከፈታችሁት እናንተ ብቻ ትሆናላችሁ» ብሎ የሚያስጠነቅቅ የለም። መታገድን ችግር ብሎ ይቆጥራል፤ መታየትን ግን ለእናንተ ይተወዋል። ለጀማሪ ተጠቃሚ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

ሌላ ወቀሳም ይሰማል። ቶር ዳታውን ሳያቆይ ስለሚያሳልፍ፣ መግቢያውንም መውጫውንም የሚያይ አካል ሰዓቱንና መጠኑን አስተያይቶ ሁለቱን ጫፎች ሊያገናኝ ይችላል። ንድፍ አውጪዎቹ ራሳቸው ይህን በ2004ቱ ጽሑፍ አልደበቁም። ዴቪድ ቻውም እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረበው ሐሳብ፣ መልእክቶችን አጠራቅሞና ደባልቆ መላክ፣ ይህን ችግር ያቃልላል። ለኢሜይል ይሆናል፤ አንድ ገጽ ለመክፈት ግን ማን ያን ያህል ይጠብቃል? እዚህ ላይ ከቶር ጎን ነኝ። ቢዘገይ ሰው ይሸሻል፣ ሰው ከሸሸ ደግሞ መደበቂያው ራሱ ይጠፋል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። መውጫው ኮምፒውተር የማን እንደሆነ አታውቁም። እ.ኤ.አ. በ2007 ስዊድናዊው የደኅንነት ባለሙያ ዳን ኤገርስታድ የራሱን መውጫዎች አንቀሳቅሶ የኤምባሲዎችን የኢሜይል የይለፍ ቃሎች ሰብስቧል፤ በመውጫው በኩል ሳይመሰጠሩ ያልፉ ነበርና። ኤችቲቲፒኤስ የሌለው ገጽ ላይ ምስጢር አትጻፉ። በገዛ ስማችሁ አካውንት ከገባችሁ ደግሞ ቶር ምን ያድርግ? ማንነታችሁን ራሳችሁ ተናገራችሁ።

ፍርዴ ይኸው ነው፦ ቶር በሐቀኝነት የተሠራ ሶፍትዌር ነው፣ የሚበረታው ግን ተራ ሰዎች ለተራ ነገር ሲጠቀሙበት ነው። ዜና ወይም ዊኪፔዲያ ለማንበብ በቶር የሚገባ ሰው፣ ሳያውቀው ለአንድ ጋዜጠኛ ወይም ከሚያሳድዳት ሰው ለሸሸች ሴት ከለላ ይሆናል። እናንተም ከመክፈታችሁ በፊት ምስጠራው ጠንካራ ነው ወይ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ እዚህ ኔትወርክ ላይ ከእኔ ጋር ስንት ሰው አለ ብላችሁም ጠይቁ።