ላክቴት፦ ዝቃጭ ወይስ ማገዶ?

ሯጭ ሲዝል «ላክቲክ አሲድ ጡንቻውን ያዘው» ይባላል። ይህ አባባል ከስፖርት ዘገባ አልፎ በሕክምና ትምህርትም ሥር የሰደደ ነው። እንደ አባባሉ ከሆነ ላክቴት ኦክስጅን ሲያጥር ብቻ የሚፈጠርና ጡንቻን የሚመርዝ ዝቃጭ ነው። ቀላልነቱ ለማስተማር ቢያመችም ስሕተቱ የሕሙማንን ሕይወት እስከ መንካት ስለሚደርስ ሊመረመር ይገባዋል።

የስሕተቱ ምንጭ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ፍሌቸርና ሆፕኪንስ የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ከእንቁራሪት አካል ተለይቶ በወጣ ጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን ሲታጣ ላክቲክ አሲድ እንደሚጠራቀም አሳዩ። ግኝታቸው ትክክል ነበር፤ ችግሩ ከደም ዝውውር የተለየ ጡንቻ ለሕያው ሰው ምስክር መደረጉ ነው። ለዚህ ማስረጃ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙም የማይርቀውን፣ ስሙ የከብት ገበያን የሚያስታውሰውን ሰንጋ ተራን ማሰብ ይበቃል። ሰንጋ ሲታረድ የደም ዝውውሩ ያበቃል፤ ጡንቻው ግን ያከማቸውን ግላይኮጅን ማፍረሱን ይቀጥላል። ላክቴቱን የሚወስድለት ደም ስለሌለ የሥጋው ፒኤች ከ7 ገደማ ወደ 5.5 አካባቢ ይወርዳል። በአንጻሩ በጉዞ ዝሎ የታረደ በሬ ግላይኮጅኑን አስቀድሞ ስለ ጨረሰ ፒኤቹ በበቂ አይወርድም፤ ሥጋውም ጠቁሮ ይቀራል። ላክቴት የዝለት ማኅተም ቢሆን ኖሮ ይበልጥ የሚኮመጥጠው የዛለው በሬ ሥጋ በሆነ ነበር።

በሕያው ሰው ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ጤናማ ሰው አርፎ በተቀመጠበት፣ ኦክስጅን ሳያጥረው፣ በቀን ወደ 1,500 ሚሊሞል ላክቴት ያመርታል። ቀይ የደም ሕዋሳት ማይቶኮንድሪያ ስለሌላቸው ምንጊዜም አምራቾች ናቸው። የተመረተው ግን አይጣልም፤ ልብ፣ አንጎልና ዘገምተኛ የጡንቻ ክሮች ያነዱታል፤ ጉበትና ኩላሊት መልሰው ግሉኮስ ያደርጉታል። ባልና ሚስቱ ኮሪዎች የጉበትን ድርሻ አስቀድመው አሳይተዋል። ጆርጅ ብሩክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ላክቴት ከሕዋስ ወደ ሕዋስ የሚመላለስ ማገዶ መሆኑን አስረድቷል።

እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም የታየው ዓይነት የመጨረሻ ዙር ፍጥነት ያለ ፈጣን የግላይኮጅን ፍርሰት የሚሆን አይደለም። ፓይሩቬት ወደ ላክቴት ሲለወጥ አንድ ፕሮቶን ይወስዳል፤ ጉልበት የማመንጨቱም ሂደት እንዳይቋረጥ ያደርጋል። የተጠራቀመውም በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ስለሚጠራ በማግስቱ ለሚሰማው የጡንቻ ሕመም ተጠያቂ ሊሆን አይችልም።

የተዛባው ትምህርት ጉዳቱ የሚጎላው ግን በሕሙማን አልጋ ዘንድ ነው። ላክቴት ከፍ ባለ ቁጥር «ኦክስጅን አጥሯል» ብሎ ፈሳሽ ብቻ መጨመር ሌሎች ሰበቦችን ይጋርዳል፤ አድሬናሊን፣ የጉበት ድካምና የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ከእነዚሁ መካከል ናቸው። በኢትዮጵያም ለኤች አይ ቪ ሕክምና ይሰጥ የነበረው ስታቩዲን ግልጽ ምሳሌ ነው። መድኃኒቱ ማይቶኮንድሪያን ሲጎዳ ኦክስጅን ሳይጎድል ላክቴት ይከማች ነበር፤ በሽተኛውም በማስታወክና በድካም ሊሞት ይችል ነበር። የሚያድነው ቀዳሚ እርምጃ መድኃኒቱን ማቆም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 አጠቃቀሙ እንዲቀር መክሯል። በሌላ በኩል ሪንገር ላክቴትን በስሙ ብቻ «አሲድ ይጨምራል» ብሎ መፍራት መሠረት የለውም፤ በውስጡ ያለው ሶዲየም ላክቴት እንጂ አሲዱ አይደለም፤ ጤናማ ጉበትም ወደ ባይካርቦኔት ይለውጠዋል።

ይህ ሲባል ከፍ ያለ ላክቴት ይናቅ ማለት አይደለም። በደም መመረዝ ሳቢያ በሚመጣ ሾክ ከ2 ሚሊሞል በሊትር በላይ መሆኑ እስከ ዛሬ የአደጋ ምልክት ነው። ምልክት ግን ጥፋተኛ አይደለም። ለተማሪውም ለሐኪሙም የሚበጀው «ምን ያህል ነው?» ብሎ ማብቃት ሳይሆን «ማን አመረተው? ማንስ ሳይወስደው ቀረ?» ብሎ መጠየቅ ነው።