“ፀሐይ” ገባች፤ ከዚያስ?

እኔ የምለው... “ፀሐይ” አውሮፕላን እንድትመለስ የጮህነውን ያህል ስለ አያያዟ ለምን አናወራም? ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ረዳቶቹ ጋር እዚሁ አዲስ አበባ ሠርቶ የጨረሳት በ1928 ዓ.ም. ነው። ስሟንም ከንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ወሰደች። በዚያው ዓመት ጣሊያን ከተማዋን ያዘ፤ አውሮፕላኗንም ይዟት ሄደ። በጥር 2016 ዓ.ም. ነው የተረከብናት።

ደስ አለን፤ ደግም ነው። ግን ስለ እሷ የሚወራው ሁሉ መዘረፏና መመለሷ ብቻ ሆነ። ጣሊያኖቹ እኮ ሰማንያ ምናምን ዓመት ከእርጥበትና ከአቧራ ጠብቀዋታል (ለምርኮ ማሳያ እንጂ ለእኛ ብለው አይደለም፣ እሱን እናውቃለን)። ከእንግዲህ “ፀሐይ”ን ከፀሐይ የመጠበቁ ሥራ የእኛ ነው። ለዚህ ደግሞ ፎቶ የሚነሳ ባለሥልጣን ሳይሆን፣ በየጊዜው ብሎኗን የሚፈትሽ ባለሙያና የማይቋረጥ በጀት ያስፈልጋል።

ደግሞስ ሌላኛው ስሟ “ኢትዮጵያ 1” እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? ሰው 1 ብሎ የሚቆጥረው 2 ሲያስብ ነው። ወራሪው ያስቀረብን ያንን ሁለተኛውን ጭምር ነበር። ታዲያ ሊጎበኛት የሚመጣ ተማሪ ክንፏን አይቶ ብቻ ለምን ይመለስ? ሞተሯ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳው ሰው ይቁምለት። “ሁለተኛዋስ?” ብሎ ቢጠይቅም ማንም እንዳይቆጣው።