ቀናችንን ማን ይከፋፍለው?



ውድ አንባቢያን፣ በአንድ የረመዳን ሌሊት መብራት ጠፍቶ ስለነበር የሰፈራችን መስጊድ አዛን አልተሰማም። በቤታችን ያሉት አራት ስልኮች ግን በየተራ አዛን አሉ። የመጀመሪያው ሲጮኽ ልጄ ውኃ ልትጠጣ ብርጭቆ አንሥታ ነበርና መልሳ አስቀመጠችው። እናቷ «የእኔ ገና ነው» ብላ ጠጣች። የእናትየዋ ስልክ አዛን ሲል ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በላይ አልፎ ነበር። ሲነጋ በቤታችን አንድ ጥያቄ ተነሣ፦ የማን ፆም ትክክል ነው? ነገሩን ስንመረምር የባለቤቴ ስልክ የዘገየ ሆኖ ተገኘ። እርሷም ከረመዳን በኋላ የዚያን ቀን ፆም ቀዷ አወጣች።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጊዜያችንን እንዲያደራጁልን በስልካችንና በኮምፒውተራችን የጫንናቸውን አፕሊኬሽኖች በጥንቃቄ መመልከት ያዝኩ። እነዚህ መሣሪያዎች ጥቅም እንዳላቸው አልክድም፤ እኔም በየቀኑ እጠቀምባቸዋለሁ። ይሁን እንጂ የምንጠቀምበትን ነገር አሠራር ሳናውቅ ቀናችንን በሙሉ ለእርሱ ማስረከባችን ትክክል ነውን? እስቲ አብረን እንመልከት።

በመጀመሪያ የሶላት ወቅት የሚያሳውቁትን አፖች እንውሰድ። ፈጅር የሚገባው ጎሕ ሲቀድ ነው። አፑ ጎሕን በዓይኑ አያይም፤ ፀሐይ ከአድማስ በታች ስንት ዲግሪ ላይ እንደምትሆን አስልቶ ሰዓቱን ያወጣል። ታዲያ ስንት ዲግሪ ይያዝ በሚለው ላይ የየአገሩ ተቋማት ይለያያሉ። የግብፅ የቅየሳ መሥሪያ ቤት 19.5፣ የመካው የኡሙልቁራ አቆጣጠር 18.5፣ የዓለም ሙስሊም ሊግ (ራቢጣ) 18፣ የሰሜን አሜሪካ እስላማዊ ማኅበር ደግሞ 15 ዲግሪ ይይዛሉ። በእኛ አገር ፀሐይ አንድ ዲግሪ ከፍ ለማለት አራት ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅባት፣ በ19.5 እና በ15 መካከል ያለው ልዩነት ከ18 ደቂቃ አያንስም። የባለቤቴ ስልክ የተሞላው በ15 ዲግሪ ነበር። አፑ የታዘዘውን በትክክል አስልቷል፤ ያላየነው እኛ ነን።

በዐስርም ላይ እንዲሁ ነው። ከቀትሩ ጥላ ሌላ የአንድ ነገር ጥላ ከቁመቱ ጋር ሲተካከል ዐስር ገባ የሚለው የሻፊዒይ መዝሀብ ነው፤ በሐነፊይ መዝሀብ በታወቀው አቋም ደግሞ ሁለት እጥፍ መሆን አለበት። አፑ ከሁለቱ አንዱን እንድንመርጥ ያደርጋል። ለመሆኑ ስንቶቻችን ነን ሴቲንጉን ከፍተን የመረጥነው?

ውድ አንባቢያን፣ ወቅትን በስሌት ማወቅ ለሙስሊሞች አዲስ ነገር እንዳይመስለን። በታላላቅ መስጊዶች የሶላት ወቅትን በስሌት የሚያወጣ «ሙወቂት» የተባለ ባለሙያ ይመደብ ነበር። ከእነዚህም ዝነኛው በደማስቆ የኡመውያ መስጊድ ሙወቂት የነበረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኢብን አሽ-ሻጢር ነው። በ773 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1371 ገደማ፣ የሠራው የእብነ በረድ የፀሐይ ሰዓት በመስጊዱ ሚናራ ላይ ተተክሎ ነበር። ልዩነቱን ልብ በሉ! የእርሱ መሣሪያ በሚናራ ላይ ሆኖ ለመላው ጀመዓ አንድ ወቅት ይሰጥ ነበር። የእኛ መሣሪያ በየኪሳችን ሆኖ በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖሩ ባልና ሚስት ሁለት ፈጅር ሰጠ።

ሁለተኛው ቀጠሮና ሥራ የምንመዘግብበት ነው። ከነዚህ ውስጥ ጉግል ካሌንደርን አመሰግናለሁ። የልጆችን ትምህርት፣ የመድረሳ ቀን፣ የታማሚ እናትን የሐኪም ቀጠሮ አንድ ጊዜ ከመዘገባችሁት መላው ቤተሰብ በየስልኩ ያየዋል፤ «አልነገርከኝም»፣ «ነግሬሻለሁ» የሚለውን ጭቅጭቅ ይቀንሳል። ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። በየቀኑ የሚደጋገም ቀጠሮ ስትሰጡት የሚያውቀው የማይንቀሳቀስ ሰዓት ነው፤ የሶላት ወቅት ግን ይንቀሳቀሳል። በአዲስ አበባ ዙህር በጥቅምት መጨረሻ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ10 ገደማ ይገባል፤ በየካቲት መጀመሪያ ግን ወደ 6 ሰዓት ከ40 ይጠጋል። በጥቅምት «ከሶላት በኋላ ይመቸኛል» ብላችሁ ለ6 ሰዓት ተኩል ያሰፈራችሁት ስብሰባ በየካቲት ከአዛኑ ይቀድማል። ስብሰባው ሳይንቀሳቀስ ሶላቱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም፣ ግን ሆነ።

ትሬሎ የተባለውም አለ። ሥራን «የሚሠራ»፣ «እየተሠራ ያለ»፣ «የተሠራ» ብሎ በሦስት ዓምድ ይደረድራል። ለዒድ ዝግጅት ወይም ለመድረሳ ግንባታ ለተሰየመ ኮሚቴ በጣም ይጠቅማል፤ ማን ምን እንደያዘ ሁሉም ያያል። ለአንድ ሰው የግል ሥራ ግን ይበዛበታል። ዝርዝሩን ሲያሳምር፣ ቀለም ሲቀባ፣ ከዓምድ ወደ ዓምድ ሲያዛውር ሥራውን ሊጨርስበት የሚችለውን ሰዓት የሚያጠፋ ወጣት ብዙ አይቻለሁ።

ተማሪዎች ደግሞ «ፖሞዶሮ» የሚሉት ዘዴ አለ። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ተማሪ ሳለ የቲማቲም ቅርጽ ባለው የወጥ ቤት ሰዓት የጀመረው ነው፤ 25 ደቂቃ ይሠራሉ፣ 5 ደቂቃ ያርፋሉ። መልካም ዘዴ ነው፤ አልነቅፈውም። ግን አስተውሉ፦ ሥራን ቆርጦ መነሣት፣ ፊትንና እጅን መታጠብ፣ ከዚያም በታደሰ ልብ መመለስ ለሙስሊም ልጅ እንግዳ ትምህርት ነውን? ቲማቲሙ ሲጮኽ ወዲያው ብድግ የሚለው ልጅ አዛን ሲሰማ «ቆይ፣ ትንሽ» የሚል ከሆነ መጠየቅ ያለብን ከሰዓቱ ይልቅ ራሳችንን ነው።

ሦስተኛው የአማና ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ማዘርቦርድ የተባለ የዜና አውታር፣ በብዙ ሚሊዮን ሙስሊሞች ስልክ ላይ የነበረው ሙስሊም ፕሮ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ቦታ ኤክስ-ሞድ ለተባለ ድርጅት ይልክ እንደነበርና ኤክስ-ሞድም መረጃውን ለአሜሪካ ጦር ሥራ ተቋራጮች ይሸጥ እንደነበር ዘገበ። የአፑ ባለቤቶች ለጦሩ በቀጥታ ሸጡ መባሉን አስተባብለው፣ ከኤክስ-ሞድ ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ማቋረጣቸውን አስታወቁ። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ቂብላ የሚያሳየን መሣሪያ እኛ የት እንዳለን ለሌላም ሊያሳይ ይችላል። የከተማችንን ስም በእጃችን ጽፈን መሙላት እየቻልን፣ ቀንና ሌሊት እንዲከታተለን ለምን እንፈቅድለታለን?

እንግዲህ ምን ይሻላል? በበኩሌ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ለአንድ ቤት አንድ የሶላት አፕ ይበቃል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ የመስጊዱን የወቅት ሰሌዳ ከፊት አድርጎ፣ ዲግሪውንና መዝሀቡን መርጦ ስልኮቹን ሁሉ እኩል ይሙላ። በመስጊዱ ሰሌዳና በስልኩ መካከል ልዩነት ከታየ ኢማሙ ይጠየቁ። ቀጠሮ ስትይዙም «ከዙህር በኋላ»፣ «ከዐስር በፊት» ብላችሁ ያዙ፤ ሰዓቱን ደግሞ ወቅቱ በተቀየረ ቁጥር አስተካክሉ። ከዚህ የተረፈውን የዕለት ሥራ አንዲት ትንሽ ደብተር ትችለዋለች። ደብተሯ አትጮኽም፤ ሌላ ነገር እንድታዩም አትጠራችሁም።

ይህን ሁሉ ያልኩት የደቂቃ ነገር አስጨንቆኝ ብቻ አይደለም። እነዚህ መሣሪያዎች ቀንን እንደ ባዶ ሰሌዳ ያቀርቡልናል፤ «በምን ትሞሉታላችሁ?» ይሉናል። የሙስሊም ቀን ግን ባዶ ሆኖ አልተሰጠውም። አምስት ምሰሶ ተተክሎለት የተሰጠው ቤት ነው። ሥራውና ትምህርቱ፣ ንግዱና ዕረፍቱ በምሰሶዎቹ መካከል ይገባሉ። ምሰሶውን ነቅለን ለዕቃ ቦታ ብናስለቅቅ ጣሪያው በማን ላይ ይወድቃል?

አላህ (ሱ.ወ.) በጊዜ የማለበትን፣ ሦስት አንቀጽ ብቻ ያለውን ሱረቱል ዐስርን ልጆቻችን ገና በሕፃንነታቸው ይሸመድዱታል። እኛ ወላጆች ደግሞ በምንውልበት ውሎ እናስተምራቸው። ዛሬ ማታ ከመግሪብ በኋላ የቤታችሁን ስልኮች ሰብስባችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡና ነገ ፈጅር የሚገባበትን ደቂቃ አነጻጽሩ። አንድ ከሆኑ አልሐምዱሊላህ። ካልሆኑ ረመዳን ሳይደርስ አስተካክሏቸው።

አላህ በጊዜያችን በረካ ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።