ዘፈኑን እናውቃለን፤ መጽሐፉንስ?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ ማንኩሳን ሳያይ አያልፍም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው በዚችው ማንኩሳ ነው፤ የበዛብህ የትውልድ ቦታ ናት። እኛ የዚህ አገር ልጆች ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በዛብህን መጀመሪያ ያወቅነው ከባጃጅ ድምፅ ማጉያ ነው። ያስተዋወቀን ቴዎድሮስ ካሳሁን (ቴዲ አፍሮ) በ2009 ዓ.ም. ባወጣው «ኢትዮጵያ» አልበም ውስጥ ያለው «ማር እስከ ጧፍ» ነው።

ታዲያ ይህ ነውር ነው? በፍጹም። «ዘፈን ወጣቱን አበላሸው» ከሚሉት ጋር አንስማማም። የግማሽ ምዕት ዓመት ዕድሜ ያለውን ልብ ወለድ የገበያ ወሬ ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም። ከመካከላችን ዘፈኑን ሰምተው መጽሐፉን የተዋሱ አሉ።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። የጥቂት ደቂቃ ዘፈን ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ያለውን መጽሐፍ ሊይዝ አይችልም፤ አይጠበቅበትምም። የያዘው ፍቅሩን ነው። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ግን ዕድል ብቻ አልለያቸውም፤ የትውልድ ቆጠራውና የወላጅ ስለቱም አሉበት። ፊታውራሪ መሸሻ ከተለመደው በላይ አምጡ ሲሉ እነ አበጀ በለው እምቢ ያሉትስ? የጉዱ ካሣ ትችትስ? በዜማው ብቻ የቀረ ሰው ይኼ ሁሉ ያመልጠዋል፤ እንዳመለጠውም አያውቅ።

ሁለተኛው ጉዳይ አድናቂነታችን ነው። በጥር 2010 ዓ.ም. ቴዲ ባሕር ዳር ሲዘፍን ታላላቆቻችን ሚኒባስ ተሳፍረው ሄደው ድምፃቸው ተዘግቶ ተመለሱ። ደስታ ነው፣ ማን ይጠላል! ዛሬ ግን በየዶርማችን «ይህች ስንኝ ላልታለች» ያለ ተማሪ እንደ ጠላት ይታያል። «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» ይባላል። ጎጃም እኮ የቅኔ አገር ነው! ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ ያርመዋል፤ ታረምኩ ብሎ ያኮረፈ ባለ ቅኔ አይሆንም። የምንወደውን ማረም ለምን እንደ ክህደት ይቆጠርብናል?

ስለዚህ ለመጪው ክረምት የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ወደ ቤት ስንገባ መጽሐፉን ይዘን እንሂድ፤ ማታ ማታ እየተፈራረቅን እናንብበው። ወላጆቻችን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተው ይሆናል፤ የሚያስታውሱትን ይጨምሩልን። ዘፈኑንም እንክፈተው። ከዚያ በኋላ ብንወደው አውቀን ነው፤ ቅር ብንሰኝም አውቀን ነው።