ኃላፊ

«ኃላፊ» ደስ የሚል ቃል ነው። መሥሪያ ቤት ስትገቡ አለቃ ነው። ሰዋስው ላይ «ኃላፊ ጊዜ» ሲባል ያለፈ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ በዚህ ይቀልዱ ነበር። ቀልዱ እውነት የሚሆነው ግን ነገር ሲበላሽ ነው፤ አለቃው ኃላፊነቱን ሳይወጣ ኃላፊ ጊዜ ይሆናል፤ ያልፋል።

ምሳሌዬ ቦይንግ ነው። የእኛን ሹማምንት ትተህ ምን ባሕር አሻገረህ እንዳትሉኝ፤ ነገሩ የወደቀው እኛው ጓሮ ነው። እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው የአየር መንገዳችን 737 ማክስ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ተከሰከሰ። 157 ሰው አለቀ። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 19፣ ያው ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰው ይዞ ባሕር ገብቷል። በሁለቱም አፍንጫውን ወደ ታች የደፈቀው አንድ የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው፤ ያውም አንዲት መለኪያ የነገረችውን ብቻ አምኖ። እስከ መጀመሪያው አደጋ ድረስ ፓይለቶች በሚማሩበት መመሪያ ላይ ስለዚህ ሥርዓት አልተነገራቸውም። ከዚያ አደጋ በኋላ የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ ራሱ ሲያሰላ፣ ካልታረመ ማክስ በዘመኑ ወደ 15 የሚጠጋ ተመሳሳይ አደጋ ሊደርስበት እንደሚችል አገኘ። ታዲያ መብረሩ ቆመ? አልቆመም።

ጥቅምት 2012 ዋና ሥራ አስኪያጁ ዴኒስ ሙለንበርግ ሴኔት ፊት ቀረቡ። ኃላፊነቱ የእኔ ነው አሉ፤ መቼም ብለዋል፣ አልነፍጋቸውም። እኛ ዘንድ ቢሆን «ክፍተቶች ታይተዋል» ነው የሚባለው፤ ማን እንደከፈተው አይነገርም። የሟቾች ቤተሰቦች ፎቶ ይዘው ከጀርባቸው ተቀምጠዋል። ሲያበቃ የአንዲት ሟች እናት፣ ይቅርታ ሲሉ ዞር ብለው ሰዎቹን እንዲያዩ ነገሯቸው። ዞሩና ይቅርታ አሉ።

እኔን የሚከነክነኝ ይኼ ነው። በአገራችን በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳይ ፊት ይቆማል፤ ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር የሚነግረው አይፈልግም። እኚህ ሰውዬ ግን ለመናገር የተዘጋጁት ከፊታቸው ላሉት ባለሥልጣናት ነበር። በማግስቱ ሌላው ምክር ቤት ስለ ደመወዛቸው ሲጠይቃቸው፣ ይህን የሚወስነው ቦርዱ ነው አሉ። አያችሁ፣ «የእኔ ነው» ያሉት ኃላፊነት ኪስ ጋ ሲደርስ የቦርዱ ሆነ።

ታኅሣሥ ላይ ከሥራ ተነሡ። በጡረታና በአክሲዮን መልክ 62 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይዘው ሄዱ፤ በውል የተጻፈ ነው፣ ሕጋዊ ነው። በወንጀል ለፍርድ የቀረበ ግለሰብ ቢኖር አንድ የኩባንያው ቴክኒክ ፓይለት ነው፤ እሱም በ2014 ነፃ ወጣ። ሙለንበርግ ደግሞ መስከረም 2015 ጥፋቱን ሳያምኑም ሳይክዱም 1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። የከሰሳቸው የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው ነው። ክሱስ ምን መሰላችሁ? ስለ አውሮፕላኑ ደኅንነት ባለአክሲዮኖችን አሳስተዋል የሚል።