ደቦ በባዕድ አገር

ከመተማ ማዶ፣ በገላባትና በገዳሪፍ የሚሰማው የሱዳን ዘፈን ቋንቋው ዐረብኛ ቢሆንም ለጆሮአችን ባዕድ አይደለም። እንደ እኛው ዘፈን በአመዛኙ በአምስት ድምፅ የሚጓዝ ነውና። በዚያችው ሱዳን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው የሳክስፎን ተጫዋች ዳኒ መኮንን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ «ደቦ» የተባለውን ባንድ አቋቋመ። ድምፃዊው ብሩክ ተስፋዬ ሲሆን፣ ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን አልነበሩም። የመጀመሪያ አልበማቸው በ2012 የወጣው የሮክ ባንዶችን በማሳተም በታወቀው በሰብ ፖፕ አማካይነት ነው።

ስሙ ለጌጥ ብቻ የወጣ አይመስለንም። በደቦ ጎረቤት ጉልበቱን ያዋጣል፤ ማሳው ግን የባለቤቱ ነው። እነዚህም ሰዎች ቫዮሊንና አኮርዲዮን፣ ከባድ የነፋስ መሣሪያም ይዘው ቢመጡ፣ የዘሩት በእኛ ቅኝት ነው። ከቫዮሊን ተጫዋቾቹ አንዷ ኬት ሆስቴተር ቆይታ አዲስ አበባ በመኖር፣ ከኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ጋር «ቋንቋ» የተባለውን ባንድ መሥርታለች።

ጉድለት የለባቸውም ማለታችን አይደለም። የነፋስ መሣሪያዎቹ በበረቱበት ቦታ ግጥሙ ይሸፈናል። በአማርኛ ዘፈን ደግሞ ግጥሙ ካልተሰማ ግማሹ ቀረ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። የሩቅ ሰው ተምሮ ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺሆዬ ሲለይ፣ የእኛ ተማሪ ስማቸውን እንኳ ሳያውቅ ትምህርቱን ይጨርሳል። ደቦው ከመጣ በኋላ ባለማሳው ከጠፋ፣ አዝመራው ለማን ሊሆን ነው?